በፋኖስ ብርጭቆ የተቆላ ቡና

ባለፈው ወር ለጓደኛዬ ልጅ ሠርግ አዳማ ሄጄ፣ ጫጫታው ራሴን ሲያዞረኝ ጊዜ ከድንኳኑ ሹልክ ብዬ ወጣሁና ፍራንኮ አካባቢ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገባሁ። ገና በሩን ሳልፍ ሽታው ተቀበለኝ። የተቆላ ቡና ሽታ ነው፣ ግን ጭስ የለበትም፤ አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ዳቦ ይላል። ያን ሽታ ካሸተትኩት ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል።

ከባንኮኒው ጀርባ የሚያብረቀርቅ ማሽን ቆሟል። ሆዱ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቡናው ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ፈዝዤ ስመለከት አይታኝ፣ «በሞቃት አየር ነው የሚቆላው እናቴ፣ እሳት የለ፣ ጭስ የለ። ለአዳማ የመጀመሪያው ነው» አለችኝ።

እናቴ ማለቷን ችዬ አለፍኩት። የመጀመሪያው ማለቷ ግን አናደደኝ። የመጀመሪያውንስ እኔ አውቀዋለሁ ልላት አፌ ላይ መጣ፤ ደግሞ የሠርግ ቀሚስ ለብሼ ከማላውቃት ልጅ ጋር ብከራከር ማን ሊያምነኝ ነው ብዬ ተውኩት። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ለእሷ ያልነገርኩትን እዚህ ልናገር።

የመጀመሪያው የቆመው መናኸሪያው አጥር ሥር በነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። የተሠራው ሆቴል ከጣለው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሞተር፣ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦና ከፋኖስ ብርጭቆ ነው። የሠሩት ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጎረቤታችን ናቸው። የቆርቆሮዋ ቤት የእናቴ ነበረች። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነኝ።

እናቴ ዘነበች ለሹፌርና ለረዳት ቡና እያፈላች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ መልኩን ሳላውቀው ስለሞተ ቤታችን እኔና እሷ ብቻ ነን። የደራና የአሰላ ሚኒባሶች ተራቸው እስኪደርስ ሹፌሮቹ እሷ ጋ ይቀመጣሉ። አመለኞች ናቸው። ቡናው በዕለቱ፣ እዚያው፣ ዓይናቸው እያየ ካልተቆላ አይጠጡም። የተቆላ ገዝታ ብታቀርብላቸው አንድ ሲኒ ቀምሰው ወደሚቀጥለው ቆርቆሮ ይሻገራሉ። ስለዚህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትቆላለች።

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷንም ያውቃል። በበጋ በሩ ከተከፈተ አቧራው ገብቶ ሲኒው ላይ ይተኛል፣ የከሰሉም አመድ ቤቱን ይሞላል። በሩ ከተዘጋ ደግሞ ጭሱ መውጫ የለውም። እማዬ አቧራ የገባበት ቡና ለሰው ከማቅረብ ጭሱን መረጠች። በሩን ዘግታ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ዓይኗ ደም መስሎ ትቆላለች። ስትጨርስ በሩን ብርግድ አድርጋ ትከፍትና ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ትስላለች።

የእኔ ሥራ ቡናውን ማጠብ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት ስመለስ ሌላ ጊዜ። ጥሬውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌ፣ ውሃ ጨምሬ፣ በሁለት መዳፌ መሀል እያሻሸሁ ስስ ገለባው እስኪላቀቅ እፈትጋለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ቡኒ ነው፤ ሁለተኛው ይገረጣል፤ ሦስተኛው ከጠራ በኋላ አሳያታለሁ። ካልጠራ «ድገሚው» ነው መልሷ። «ያልታጠበ ቡና ለሰው መስጠት ፊትሽን ሳትታጠቢ እንግዳ እንደመሳም ነው» ትለኝ ነበር። እጄ በብርድ ውሃ ተሰነጣጥቆ ክፍል ውስጥ እርሳስ መያዝ ያቅተኛል፤ እሷ ግን ያን ጊዜ እንኳ አትራራም። በሌላው ሁሉ የምትራራልኝ ሴት በቡና እጥበት ላይ ዳኛ ነበረች።

ያ በጋ ሲገባ ሳሉ ባሰባት። ጤና ጣቢያ ሄዳ አንዲት የምትነፋ መድኃኒት ይዛ መጣች፤ ሰማያዊ ናት፣ ጫን ሲሏት ፍስስ ትላለች። እኔ እማዬ የቀራት ትንፋሽ እዚያች ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ። ጫን ባለቻት ቁጥር ውስጤ ይናደዳል፤ ምናለ ብትቆጥብ እላለሁ። አንድ ቀን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሩዝ ዕቃ ውስጥ ደበቅኳት፤ ለክፉ ቀን እንድትተርፋት። ሳሉ መጥቶባት ስትፈልጋት ቦርሳዋን ዘረገፈችው፣ ፊቷ ተለዋወጠ፣ እኔ እየሮጥኩ አምጥቼ ሰጠኋት። አልመታችኝም። ትንፋሽ ሲመለስላት ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ።

ሐኪሙ የነገራት አጭር ነው፤ ወይ ጭሱ ይቅር ወይ አንቺ ትቀሪያለሽ። አቦምሳ ያለችው እህቷ ደግሞ ሰው በላከች ቁጥር «ቤቱን ዘግተሽ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ትላለች። እማዬ ይህን ለጋሽ ሰይድ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። «እህቴ ደግ ናት፤ ባሏ ግን ሌላው የጎረሰውን ሁሉ የሚቆጥር ሰው ነው። እዚያ ገብቼ እጅ ከማይ እዚሁ ጭስ ውስጥ ብሞት ይሻለኛል» አለች። ከዚያ «እስከ ጥምቀት ልሞክር። ካልተሻለኝ እሄዳለሁ» አለች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥምቀትን ጠላሁት።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው አዳማ የቀሩ ሰው ናቸው። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፣ ለሰፈሩ ደግሞ ሬዲዮ፣ ምድጃ፣ ካውያ ይጠግናሉ። እሳቸው ከጠገኑት ዕቃ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፋል። «ይሄስ ጋሽ ሰይድ?» ሲሏቸው «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይላሉ። ዕቃው ይሠራል፤ ብሎኑ በኪሳቸው ይቀራል። ሲራመዱ ይንሿሿሉ።

አንድ ቅዳሜ እማዬ እያሳለች ሲያዩ ቡናቸውን አስቀመጡ።

«ዘነቡ፣ ቡናው ነው ወይስ ከሰሉ ነው የሚያስልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያ እንለያያቸዋ!»

ሆቴሉ ለልጆች ልደት የሚያወጣት የፈንዲሻ ማሽን ነበረች። ዘይት የላት፣ እሳት የላት፤ ሞቃት አየር ከሥር እየነፋች ነው በቆሎውን የምታፈነዳው። ጋሽ ሰይድ እሷን ሁለት ጊዜ ጠግነዋታል። «በቆሎ ካፈነዳች ቡና እንዴት ያቅታታል? ወላሂ እሠራልሻለሁ» አሉ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሥራው የተጀመረው ግቢያችን ውስጥ፣ የኮክ ዛፉ ሥር ነው። መጀመሪያ ያመጡት የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን ነበር፤ ረጅም የሚታጠፍ ቱቦ አለው። ለምን እንደሚሠራ ስጠይቃቸው «አቧራ ስቦ የሚያወጣ ነው፣ ለእናትሽ ነው» አሉኝ። በቃ፤ እኔ ቱቦው እማዬ አፍ ውስጥ ገብቶ ጭሱን ከደረቷ ሊስብ ነው ብዬ አመንኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ቱቦውን ቆርጠው ሲጥሉት እፎይ አልኩ፤ የጣሉትን ቱቦ አንስቼም ከአጥር ውጭ ወረወርኩት፤ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ።

ሞተሩን ገለበጡት፤ መሳቡን ትቶ እንዲነፋ። አየሩ የሚያልፍበት የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ጠመጠሙ። ከጣሳው በላይ የሻይ ማጥለያ፣ ከማጥለያው በላይ የፋኖስ ብርጭቆ አቆሙ። «ለምን ብርጭቆ?» አለቻቸው እማዬ። «ዓይኑን ያላየሁትን ቡና እንዴት በቃህ እለዋለሁ?» አሉ። ብርጭቆው ሙቀት እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ ለፋኖስ ነው የተሠራው። ሲጨርሱ ሦስት ብሎን ተረፈ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው እሁድ ከሰዓት ነው። ቡናውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ውሃ ሳይሆን አምስት ውሃ፤ ማሽኑ እንዳያፍር። እንደሁልጊዜው አጠንፍፌ ሰጠኋቸው። ጋሽ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው ብርጭቆው ውስጥ ጨመሩትና ሶኬቱን ሰኩ። ሞተሩ ጮኸ። ቡናው ግን ንቅንቅ አላለም። እርስ በርሱ ተጣብቆ ማጥለያው ላይ ቁጭ አለ፤ ከላይ በእንፋሎት ላበው፣ ከሥሩ ከሰለ።

«ሞተሩ ጉልበት አንሶታል» አሉ ጋሽ ሰይድ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተሩን አጽድተው፣ ዘይት ነክተው መጡ። እኔም ያለፈው የከሸፈው በእኔ ምክንያት ነው፣ ቆሻሻ ቀርቶበት ነው የተጣበቀው ብዬ፣ ቡናውን ከማታው ጀምሬ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ሽንብራ ሆኗል። ጋሽ ሰይድ ብርጭቆውን አስቀድመው አሙቀውት ነበር፤ ቡናው ሲገባ ቀጭ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ። «የዛሬ ብርጭቆ!» አሉ ተናደው። «ድሮ የጣሊያን ብርጭቆ ነበር እንጂ!» ሦስተኛ ጊዜ ጥፋቱ የመብራት ኃይሉ ማነስ ሆነ፤ አራተኛ ጊዜ የማጥለያው ቀዳዳ። እኔ በየጊዜው የበለጠ አጥባለሁ። ቡና በእጃችን ከገባ ይታጠባል፣ አለቀ። እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ዱቄቱ ይቦካል አይደል? እንደዚያ ነው። ማናችንም ስለ እጥበቱ አላሰብንም፤ የማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለ ነገር ነው።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ውሃ ጠፋ። በአዳማ ይህ ወሬ አይደለም። ለማፍያ የሚሆን ጀሪካን እማዬ ቆጥባለች፤ ለማጠቢያው ግን የውሃ ቦቴ ከሚቆምበት ከታችኛው ሰፈር ቀድቼ እንዳመጣ ላከችኝ። ሰልፉ አያልቅም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጓደኞቼ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ሰልፉ አለፈኝ፣ ቦቴውም ባዶውን ሄደ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። ምን ልበላት? ጓሮ ዞሬ ጥሬውን ቡና በደረቅ ጨርቅ አሸት አሸት አድርጌ፣ ገለባውን እፍ ብዬ ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው።

«ታጥቧል?» አለች እማዬ ከውስጥ።

«አዎ» አልኩ።

ሶኬቱ ተሰካ። ሞተሩ ጮኸ። ቡናው መጀመሪያ እንደመንቀጥቀጥ አለ፣ ከዚያ አንዱ ዘለለ፣ ከዚያ ሁሉም። ብርጭቆው ውስጥ ሽቅብ እየወጣ በዳር በዳር ይወርዳል። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ቀረፋ መሰለ። ገለባው እየተላቀቀ በብርጭቆው አፍ ወጥቶ ጋሽ ሰይድ ፀጉር ላይ ሰፈረ። ከዚያ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ ማለት ጀመረ። ያ የዳቦ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ! አየሽ? አየሽ ዘነቡ? አልነገርኩሽም?» እያሉ በአንድ እግራቸው ይዘላሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ አብሮ ይዘላል። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ተዘጋጅታ ነበር። ቀስ ብላ ፈታችው። ወደ ብርጭቆው ጠጋ አለች፤ አሸተተች፤ ሳል ጠበቀች። አልመጣም። እኔ በደስታ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ባዶውን ጀሪካን ከዛፉ ኋላ ደበቅኩት።

በማግስቱ ማሽኑን ቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ አቆሙት። ውሃው እስኪመጣ ሦስት ቀን ቆየ፤ ሦስቱንም ቀን ዋሸሁ። ሹፌሮቹ ማሽኑን ለማየት ሲሉ ብቻ ይመጡ ነበር። የደራ መስመር ሹፌር ኦቦ ቱፋ፣ የእማዬ የመጀመሪያ ደንበኛ፣ ሲኒውን አስቀምጦ «ዘነቡ፣ ዛሬ ምን ጨመርሽበት? ይሄማ ልዩ ነው» አላት። ይህ ሰው ያልታጠበ ቡና ጠጣ፣ ሊታመም ነው፣ መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ተራው ተመልሶ እስኪመጣ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩት። እያፏጨ መጣ።

ከዚያ ውሃ መጣ። እማዬ ተደስታለች፤ «ዛሬ እኔ ራሴ ነኝ የማጥበው፣ ለእንዲህ ያለ ማሽን እንዲህ ያለ ቡና!» ብላ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው። አጠበች፣ አጠነፈፈች፣ ጨመረች። ቡናው ማጥለያው ላይ ቁጭ አለ።

ያኔ ገባኝ። ከሁሉም በፊት ለእኔ ገባኝ። ግን ብናገር ያልታጠበ ቡና ለስንት ሰው ማጠጣቴን መናገሬ ነው፤ እናቴን ፊቷን ሳትታጠብ እንግዳ እንድትስም ማድረጌን። ዝም አልኩ። ጋሽ ሰይድ ሞተሩን ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። በመጨረሻ ዓይኗን ሳያዩ «ዘነቡ፣ ሞተሩ አርጅቷል። አፉ በይኝ» አሏት። እማዬ «ኧረ ምን በወጣዎት ጋሼ፣ ደክመውልኛል» አለችና ከሰሏን አቀጣጠለች። ከዚያ በኋላ እሳቸውን እንዳታሳዝን ስለ ማሽኑ አንስታ አልተናገረችም። እኔ በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጭሱ ይሞላል፣ እኔ ውጭ ቆሜ ሳሏን እሰማለሁ። ስለዚያ ዝምታ ዛሬም አፍራለሁ።

ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመጣ እማዬን ደጃፉ ላይ ሁለት ሹፌሮች ደግፈዋት አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትከሻዋ ይወጣል ይወርዳል፣ አየር ግን አይገባም። ኦቦ ቱፋ ተሳፋሪ አስወርዶ በሚኒባሱ ጤና ጣቢያ አደረሳት። በማግስቱ ተመለሰች፤ ተመልሳም ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር አወጣች። «ልብስሽን እጠፊ፤ ከጥምቀት በኋላ አቦምሳ ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም። ያን ያህል የደከማት ሴት አይቼ አላውቅም።

ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጥኩ። ኮክ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ማሽኑን እየበታተኑ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም አንድ ላይ ተናገርኩ፤ ሰልፉን፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ ደረቁን ጨርቅ፣ ሦስቱን ቀን። ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዙ አፋቸውን ከፈቱ።

«ሳይታጠብ?»

«ሳይታጠብ።»

«ውሃ!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። «የወሎ ጅል! ዕድሜዬን ሙሉ ኤሌክትሪክና ውሃ አይገናኙም እያልኩ ሰው የምመክር ሰው! እርጥብ ነበራ! ከብዶት ነበራ! ሞተሩን ነው ስሰድበው የከረምኩት!» ከዚያ ራሳቸውን መስደቡን ተዉና ዝቅ ብለው አዩኝ። «አብሽሪ። ብሎኑን እኔ አጠብቃለሁ። ለእናትሽ የምትነግሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እሱን እኔ አልጠግንም።»

ነገርኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። እኔ ማሽኑ ደህና ነው፣ አንሄድም፣ ልትድኚ ነው ብዬ የምነግራት መስሎኝ ነበር፤ እሷ የሰማችው ሌላ ነው።

«ቱፋን ያልታጠበ ቡና አጠጣሁት?»

«እማ፣ ግን ማሽኑ…»

«እነዚያን ሁሉ ሰዎች? ሦስት ቀን?»

ነጠላዋን ደርባ ተነሳች። መቆም እንኳ ገና አልጠናላትም። እኔና ጋሽ ሰይድ ከኋላዋ እየተከተልን ወደ መናኸሪያው ሄደች። ኦቦ ቱፋ ሚኒባሱ በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። «አካም፣ ዘነቡ! ለምን ተነሳሽ?» አለ ደንግጦ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ከገና በፊት የወደድከው ቡና፣ ያልታጠበ ነበር። እኔ አላወቅኩም፤ ግን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

ኦቦ ቱፋ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋሽ ሰይድን አየ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። «ዘነቡ፣ እናቴ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሳ ነው አብልታ ያሳደገችኝ! ከነልብሱ የበላሁትን ቡና ፊቱ አልታጠበም ብለሽ ትጨነቂያለሽ? ይሄው አልሞትኩም። በይ ነይ ተቀመጪ፣ ወዝሽ ሄዷል።» ዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ቀሪዎቹንም ደንበኞች አንድ በአንድ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። እኔን አስከትላ ነው የዞረችው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሰይድ «እንግዲህ ሰዎቹ ምሕረት አድርገዋል፣ ሳናጥብ እንቁላ» አሏት።

«እኔ ያልታጠበ ቡና አላቀርብም።»

«ኧረ በአላህ ዘነቡ፣ ነፍስሽ!»

«ነፍሴም ትታጠባለች ጋሼ፣ ቡናዬም ይታጠባል።»

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ተፋጠጡ። ነፋሱ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብሴን ያወናጭፈዋል። ጋሽ ሰይድ ልብሱን ነካ አደረጉት፤ ከምሳ በኋላ የታጠበ ነው፣ ክው ብሎ ደርቋል። ልብሱን ይዘው ወደ እማዬ ዞሩ። እሷም ልብሱን ዳሰሰችና ገብታ ሰፌዱን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሁለት ሆነ። ጎህ ሲቀድ አጥባለሁ፤ ሦስት ውሃ፣ ምሕረት የለም። ከዚያ ቡናውን ሰፌድ ላይ አሰጣለሁ፣ አቧራ እንዳይገባበት ስስ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ፣ ዳሩን በድንጋይ እይዛለሁ። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ሰዓት ያደርቁታል። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ይዘላል። ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። ሻንጣው አልጋ ሥር ተመለሰ። አቦምሳ ሰው ተላከ፤ «ሰንብቱ፣ ዘንድሮ አንመጣም» ተባለ። እማዬ ግን ስለ ጤናዋ ምንም አትልም፤ እኔም ጋሽ ሰይድም አንጠይቃትም። ሳሉ ሰምቶን እንዳይመለስ እንደምንፈራ ሰዎች ነበርን።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ሰፌዱን ጠብቂ ተብዬ፣ ድንጋዩን ማድረግ ረስቼ ገመድ ስዘል ነፋሱ መጣ። ሰፌዱ እንደ ወፍ ተነሳና ያን ሁሉ የታጠበ ቡና አሸዋው ላይ፣ ዶሮዎቹ መሀል ዘረገፈው። እማዬ ከቤት ወጣች። አየች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው፣ አንድ ሰፌድ ጠብቂ ብትባይ፣ አንድ ሰፌድ፣ ላም አይደለ በግ አይደለ የማይሄድ የማይመጣ ዕቃ፣ እሱን እንኳ ነፋስ ወሰደብሽ፣ እኔ ከንጋት ጀምሬ ውሃ ቆጥቤ፣ አንቺ ገመድ፣ ገመዱን ነው የምቆርጥልሽ፣ ትምህርት ቤትም ይሄው ነው፣ መምህርሽ ነግሮኛል መስኮት መስኮት እንደምታዪ፣ ያባትሽ ዘር ነሽ እሱም መንገድ ለመንገድ ሰማይ እያየ ነበር የሚሄደው፣ አሁን ቱፋ መጥቶ ቡና ሲለኝ ዶሮ በላው ልበለው፣ ዶሮ ቡና በላ ሲባል የት ሰምተሻል፣ እንቅልፍ አጥተው ሲያስካኩ ያድሩልሻል፣ ደግሞ ቆማ ታየኛለች…»

ጋሽ ሰይድ ምድጃ ይጠግኑ ነበር፤ ጠመንጃ መፍቻቸውን አስቀመጡ። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እማዬ አንድ ጊዜም አልቆመችም። አንድ ጊዜም ደረቷን አልያዘችም። ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን፤ ጋሽ ሰይድ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጨምሪ እህቴ፣ ጨምሪ» አሉ።

«ምን ያስቃችኋል?» አለች እማዬ። «ምን ያስለቅሳችኋል?» መልስም አልጠበቀች፤ ገና አልጨረሰችም ነበር።